የሸክላው ጀርባ፦ «አይ ዊል ሰርቫይቭ» እዚህ እንዴት ደረሰ?

ሸክላ ሰብሳቢ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎረቤት ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ አየሁ። ሁለት ዶላር ከፍዬ አንዲት ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ይዤ ወጣሁ። የግሎሪያ ጌይነር ናት። ፖሊዶር ነው ያሳተማት፣ እ.ኤ.አ. በ1978።

ቤት ገብቼ መብራት ስር ሳገላብጣት ፊቷ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። አንድ ጭረት የለውም። ጀርባዋ ግን አመድ መስሏል። መርፌ ከመመላለሱ ብዛት ጥቁሩ ግራጫ ሆኗል። ፊቷ ላይ ያለው ዘፈን «ሰብስቲቲዩት» ይባላል። ከእናንተ ውስጥ ይሄን ዘፈን የሚያውቅ አለ? ጀርባዋ ላይ ያለው «አይ ዊል ሰርቫይቭ» («እተርፋለሁ» ማለት ነው) ነው።

ኩባንያው ይሸጥልኛል ብሎ ፊት ላይ ያስቀመጠው ሌላውን ዘፈን ነበር ማለት ነው። ታሪኩን ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። በእጅ ይዞ ማየት ግን ሌላ ነው። የሸክላዋን የድሮ ባለቤት አላውቀውም። ምን እንዳደረገ ግን ይታያል። አንዴ ገልብጧታል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ አልገለበጣትም።

እስቲ ስለዚህ ዘፈን የምታውቁትን አምጡ።

ናቲ

የዶና ሰመር አይደለም እንዴ?

ቤዚስቱ (አዲስ አበባ)

አይደለም ናቲ። ሰው ሁሉ ያምታታቸዋል። ዶና ሰመር በዚያ ዘመን የዲስኮ ንግሥት ነበረች፣ ይሄ ግን የግሎሪያ ጌይነር ነው። ግሎሪያ የኒውጀርሲ፣ የኒዋርክ ልጅ ናት።

ጋሽ ካሴት (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ እኔ ይህን ዘፈን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። ልንገራችሁ።

በሰባዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሰዓት እላፊ ነበር። ፓርቲ ካለ ሰዓት እላፊው ሳይገባ ደርሶ እስኪነጋ እዚያው ማደር ነው። በሩ ይቆለፋል፣ መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ ቴፑ ቀነስ ይደረጋል። የአክስቴ ልጅ ከውጭ የተላከለት አንድ ካሴት ነበረው። ዘፋኞቹ እነማን እንደሆኑ አልተጻፈበትም። ከካሴት ካሴት ሲገለበጥ የመጣ ስለሆነ ድምፁም ሳስቷል። ይህቺን ዘፈን «ፒያኖዋ» ነበር የምንላት። መጀመሪያ ላይ ያ ፒያኖ ፍስስ ይል የለ? እሱን ስንሰማ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ይነሳል።

ችግሩ፣ ዘፈኗ የካሴቱ መጨረሻ ላይ ነበረች። ትቷት የሄደው ሰውዬ ተመልሶ ይመጣል፣ እሷ ቤት ስትገባ ታገኘዋለች፣ ፊቱ አዝኗል… ቀጭ! ክሩ አለቀ። ሰፈራችን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል አንድ መምህር ነበሩና እዚያ ድረስ ያለውን ተረጎሙልን። የቀረውን እያንዳንዳችን በየራሳችን ሞላነው። እኔ መልሳ ተቀብላዋለች ብዬ ደመደምኩ። አዝኖ መጥቷል፣ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፣ ሌላ ምን ታደርገዋለች?

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አንድ ሆቴል ውስጥ ሙሉውን ስሰማ ነው ያባረረችው መሆኑን ያወቅሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ማሪቱ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ጋሼ፣ ሥራ ቦታ ሆኜ አነበብኩትና ብቻዬን ስቄ ሰው ዞሮ አየኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ማባረር ብቻ መሰለዎት? ቁልፉን ሳልቀይረው ቀረሁ ብላ ነው የምትናደደው። የቤት ቁልፍ! ዘፈን ውስጥ ስለ ልብ ቁልፍ ብዙ ሰምተናል። ይቺ ግን የምታወራው ስለ በሩ ቁልፍ ነው። እኔ ይሄን ዘፈን የወደድኩት እዚያ ላይ ነው።

ቤዚስቱ

ስለ ሙዚቃው ትንሽ ልበል። እኔ ሆቴል ውስጥ በምንጫወትበት ባንድ ቤዝ ጊታር ነው የምመታው። ይሄን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተጫወትኩት ቆጥሬ አላውቅም።

ስምንት ባር (የምት ክፍል) ነው፣ አለቀ። ኤ ማይነር፣ ዲ ማይነር፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ቢ ዲሚኒሽድ፣ ከዚያ ሁለት ባር ኢ። ኢ ላይ ስትደርስ ጆሮህ ኤ ማይነርን ይለምናል። ስለዚህ ተመልሰህ ትጀምራለህ። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ይሄው ነው። ለአዝማቹ ተብሎ የተለየ ኮርድ የለም። ስንኙም አዝማቹም በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ታዲያ አዝማቹ ሲመጣ ለምን የደረሰን ይመስለናል? እሷ ናታ! ድምፅዋን ከፍ የምታደርግበት ቦታ ነው አዝማች የሚያደርገው።

ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ተቀባይ የለም። በዚያ ዘመን ዲስኮ ውስጥ ከኋላ ሆነው «ኡ… ኡ…» የሚሉ ሦስት ሴቶች አይጠፉም ነበር። እዚህ ብቻዋን ናት። የጀርባ ዘፈን ስለሆነ ብዙ አልተጨነቁበትም ይባላል። እንኳንም አልተጨነቁ። ብቻውን ስለቀረ ሰው የሚያወራ ዘፈን ላይ አጃቢ ምን ይሠራል?

ድራሙን የመታው ጄምስ ጋድሰን ነው። ከቢል ዊዘርስ ጋር የሠራው ሰውዬ። ቤዙን ስኮት ኤድዋርድስ ነው። እኔ «ዲስኮ ነው ወይስ ሶል?» ስባል እግሩ ዲስኮ፣ ጉሮሮው ሶል ነው እላለሁ።

አንድ ገጠመኝ ልጨምር። አንድ ሰርግ ላይ ኪቦርዲስታችን ትራንስፖዙን (ቁልፍ መቀየሪያውን) ረስቶት መግቢያዋን ከለመድነው ቁልፍ በጣም ከፍ አድርጎ ጀመረው። መግቢያው ላይ ምት ስለሌለ ማንም አላወቀም። ዘፋኟ ዝም ብላ ገባች። ድራሙ ሲገባ እርስ በርስ ተያየን። መመለሻ የለም። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ስንጥቅ አለ። ሰዉ በስሜት የዘፈነች መስሎት ተነስቶ አጨበጨበ። ሙሽራዋ አለቀሰች። ዘፋኟ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አላናገረችንም።

ተጠራጣሪው (ለንደን)

ስሜታችሁን ለማበላሸት አይደለም፣ ግን ይሄን «የተጣለ ዘፈን ተነሳ» የሚባለውን ተረት ትንሽ ቀዝቀዝ እናድርገው።

ዘፈኑን የሠሩት ፍሬዲ ፔረንና ዲኖ ፌካሪስ ናቸው። ፔረን ማለት የጃክሰን 5ን «አይ ዎንት ዩ ባክ» እና «ኤቢሲ» ከጻፉት አንዱ ነው። ሁለቱ በዚያው በ1979 ለፒችስ ኤንድ ኸርብ የሠሩት «ሪዩናይትድ» አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። እሷም ብትሆን ጀማሪ አልነበረችም። በ1975 «ኔቨር ካን ሴይ ጉድባይ» የሚል አልበም አውጥታ ነበር። ከእሱ የሸክላ ገጽ አንዱ ሦስት ዘፈን ሳይቋረጥ እንዲያስጨፍር በቶም ሞልተን ተቀጣጥሎ ነው የተሠራው። የዲስኮ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እና የት ላይ ነው ጎስቋላነቱ? ባለሙያ ጽፎት፣ ባለሙያ አቀናብሮት፣ ስመ ጥር ዘፋኝ ዘፈነችው።

ለኔ ደግሞ ዛሬ የሰርግ ዲጄ ዘፈን ነው። እኩለ ሌሊት ላይ እስክስታው ሲደክም የሚወጣ። ሰለቸኝ።

ማሪቱ

ተጠራጣሪው ወንድሜ፣ ያልካቸው ነገሮች እውነት ናቸው። ግን ግማሹን ነው ያወራኸው፣ እንደ ጋሼ ካሴት።

ዲኖ ፌካሪስ ሞታውን የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ሰባት ዓመት ገደማ ግጥምና ዜማ ሲጽፍ ቆይቶ ከሥራ ተሰናብቷል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲከፍት፣ ራሱ ለአንድ ፊልም የጻፈው ዘፈን ድንገት መጣ። እንደ መልካም ምልክት አየው። አልጋው ላይ ዘሎ «እሆናለሁ፣ ዘፈን ጸሐፊ እሆናለሁ፣ እተርፋለሁ!» ማለቱን ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ መነሻው ፍቅረኛ አይደለም። የሥራ ስንብት ነው።

እሷስ? በ1978 ኒውዮርክ ውስጥ ቢከን ቲያትር መድረክ ላይ ወደ ኋላ ወደቀች። ተነስታ ትርኢቱን ጨረሰች። በነጋታው ስትነቃ ከወገቧ በታች አልታዘዝ አላት። ሆስፒታል ገባች፣ አከርካሪዋን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ስቱዲዮ የገባችው ወገቧና ጀርባዋ በድጋፍ ታስሮ ነው። ከዚያ ደግሞ የዘፈኑን ግጥም ይዘው መምጣት ረስተው ቡናማ ወረቀት ላይ ጻፉላት። አስቡት፣ ወገቧ ታስሮ ቆማ፣ ያንን ወረቀት ይዛ ስታነብ። ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ ወንድ ሳይሆን ስለ ጀርባዋና ስለ ሞተችው እናቷ እንደሆነ ነው የምትናገረው።

እኛ አገር ይሄን ምን እንደምንለው ታውቃለህ። ሰሙ የከዳ ፍቅረኛ ነው፣ ወርቁ ሌላ።

ተጠራጣሪው

ማሪቱ እህቴ፣ ስለ ስንብቱ አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ሁሉን ነገር ሰምና ወርቅ አታድርጊው። ሰምና ወርቅ ማለት ቅኔ አዋቂው አስቦበት አንዱን ቃል በሁለት ፍቺ ሲያስረው ነው። እዚህ ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው። ሰሚው ነው የራሱን ነገር ያመጣበት።

ማሪቱ

እሺ ሊቁ፣ ተሸነፍኩ። ግን እሱ አይበልጥም? ወርቁን ሰሚው ራሱ ይዞ ሲመጣ።

ሸክላ ሰብሳቢ

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ተጠራጣሪው ልክ ነህ፣ ሠሪዎቹ ድሆች አልነበሩም። ግን ባለሙያዎቹ ቢጽፉትም፣ የትኛው ገጽ ፊት ይሁን ብሎ የወሰነው ኩባንያው ነው። «ሰብስቲቲዩት»ን የራይቸስ ብራዘርስ በ1975 ዘፍነውታል። በ1978 ደግሞ ክላውት የሚባሉ የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ባንድ እንግሊዝ ድረስ አሳውቀውታል። ኩባንያው «የተፈተነ ነው፣ ይሄ ይሻላል» አለ። የእኛ ነጋዴ «የሚሸጠውን ከፊት ደርድር» እንደሚለው።

ግሎሪያ ግን ጀርባው ላይ ያለውን አምናበታለች። ከባሏ ጋር ሆነው ሸክላውን ስቱዲዮ 54 ወሰዱት። ኒውዮርክ ውስጥ ያን ጊዜ ከሱ የበለጠ የሚወራለት ጭፈራ ቤት አልነበረም። እዚያ የነበረው ዲጄ ሪቺ ካዞር ይባላል። እሱ ጀርባውን አጫወተ። ሌሎች ዲጄዎችም እንዲያጫውቱት ሸክላ አደሉ። ሰዉ ሬዲዮ ጣቢያዎችን መጠየቅ ጀመረ። ኩባንያው በመጨረሻ አጎንብሶ ገጹን ገለበጠው።

መጋቢት 1 ቀን 1971 በእኛ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1979፣ በአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ፣ ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ሆነ። ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ቢ ጂስ በ«ትራጄዲ» አወረዱት፣ ከዚያ ተመልሶ ወጣና አንድ ሳምንት ጨመረ። ዘፈኑ ራሱ እንደሚለው ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አራት ሳምንት አንደኛ ነበር።

አሁን ይቺን የኔን ሸክላ ሳያት፣ ያ ሁሉ ነገር ከመሆኑ በፊት የታተመች ናት። ማንም ሳይነግረው የገለበጣት ሰው ነበረ።

ቤዚስቱ

የዲጄ ሥራ ማለት እሱ ነው ድሮ። ዛሬ ዲጄው የተላከለትን ነው የሚያጫውተው።

የሌሊት ሹፌር (ቺካጎ)

ዘግይቼ ገባሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ የምሠራበት ሰፈር ስለሆነ።

የዚያኑ ዓመት፣ በ1979 ጁላይ 12፣ ደቡብ ቺካጎ ውስጥ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባለው የቤዝቦል ሜዳ ዲስኮን በፈንጂ አፈነዱት። ቀልድ አይደለም። ስቲቭ ዳል የሚባል የሬዲዮ አዘጋጅ ዲስኮን ይጠላ ነበር። የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም ይግባ ተባለ። ወደ 50 ሺህ ሰው ገባ። የዚያን ቀን የቺካጎው ቡድን ዋይት ሶክስ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር ሁለት ጨዋታ ነበረው። በሁለቱ መሃል ሸክላውን በትልቅ ሣጥን ሜዳው መሃል አስቀምጠው አፈነዱት። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጥሩን ዘሎ ሜዳ ገባ። ሣሩ ተቃጠለ፣ ተቆፈረ። ሁለተኛው ጨዋታ አልተካሄደም፣ ዋይት ሶክስ በፎርፌ ተሸነፈ።

ያ ስታዲየም ፈርሷል። ቦታው አሁን የአዲሱ ስታዲየም መኪና ማቆሚያ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ሰው የምጭነው እዚያ ነው። ድሮ ሆም ፕሌቱ (ኳስ መቺው የሚቆምበት) የነበረበት ቦታ ላይ የእብነበረድ ምልክት አለ። ሰው ሳያየው ይረግጠዋል። እኔም ለዓመታት ስረግጠው ኖሬያለሁ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ያን ቀን እዚያ በር ላይ ይሠራ የነበረ ቪንስ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር ልጅ ነበር። ሰዉ ይዞት የመጣው ሸክላ ዲስኮ ብቻ አልነበረም፣ የጥቁር ሙዚቃ የሆነ ሁሉ ነበረ ብሏል። ያ ልጅ በኋላ፣ በ1984፣ የመጀመሪያው የሃውስ (ከዲስኮ የወጣ የጭፈራ ሙዚቃ) ሸክላ የሚባለውን «ኦን ኤንድ ኦን» ከጄሲ ሳንደርስ ጋር ጽፏል። ዲስኮን እዚህ ከተማ አፈነዱት፣ እዚሁ ከተማ ስሙን ቀይሮ ተነሳ።

ናቲ

ግራሚስ? ዲስኮ ከተፈነዳ በኋላ ነው የወሰደችው በፊት?

የሌሊት ሹፌር

በኋላ ነው፣ የካቲት 1980 እ.ኤ.አ.። ምርጥ የዲስኮ ቅጂ የሚል ዘርፍ ተከፍቶ እሷ ወሰደችው። ማይክል ጃክሰንንም፣ አንተ ያምታታሃትን ዶና ሰመርንም አሸንፋ ነው። ዘርፉ ከዚያ በኋላ ተዘጋ። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ሽልማት ነው።

ጋሽ ካሴት

ልጄ ሹፌሩ፣ ቀኑ ደነቀኝ። ጁላይ 12 ማለት ሐምሌ 5 ነው፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት። በ1990 በእኛ፣ ሐምሌ 5፣ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 ያሸነፈችበት ቀን ነው! ዚዳን ሁለት በጭንቅላት ያገባበት። እኔ የዓለም ዋንጫ ቀን አይጠፋኝም። ታዲያ ፈረንሳዮቹ ያን ጊዜ የጨፈሩት በየትኛው ዘፈን ነበር?

ተጠራጣሪው

ጋሼ፣ አይቀልዱ። ማመን አቃተኝ፣ አየሁት፣ እውነት ነው።

ለማያውቁት፣ ኸርመስ ሃውስ ባንድ የሚባል የሮተርዳም ተማሪዎች ባንድ ነበር። «አይ ዊል ሰርቫይቭ»ን የስታዲየም ዘፈን አድርገው ሠሩት። የፈረንሳይ ተጫዋቾች በዚያ ውድድር ጊዜ የራሳቸው መዝሙር አደረጉት። ግጥሙ ቀረና «ላ ላ ላ» ብቻ ሆነ። አገሩ በሙሉ በላላላ ጨፈረ፣ ዘፈኑም ፈረንሳይ ውስጥ አንደኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1979፣ ሐምሌ 5፣ ስታዲየም ውስጥ ዲስኮን አፈነዱ። ልክ በ19 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ሌላ ስታዲየም ውስጥ 80 ሺህ ሰው በዲስኮ ዘፈን አበደ።

ሰለቸኝ ያልኩትን በከፊል እመልሳለሁ። በከፊል ብያለሁ።

ነርሷ (ሃይፋ)

እኔ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ብዙ አልጽፍም። ሁለት ነገር ግን ትዝ አለኝ።

አንደኛው በ2010 የወጣ ቪዲዮ ነው። አዶሌክ ኮን የሚባሉ ከሆሎኮስት የተረፉ የ89 ዓመት ሽማግሌ፣ ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የናዚዎች የሞት ካምፕ በነበረው አውሽዊትስ በር ላይ በዚህ ዘፈን ይጨፍራሉ። ቪዲዮውን የሠራችው ልጃቸው ናት፣ አውስትራሊያ የምትኖር ሠዓሊ። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ እዚያ ቦታ ይጨፈራል ወይ ተባለ። እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥም ሁለት ሰዎች በዚህ ተጣልተው ነበር። አንዲት አሮጊት ታካሚያችን ግን «ቤተሰቡን ይዞ ተመልሶ የመጣው እሱ ነው፣ እናንተ ምን አገባችሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረ።

ሁለተኛው ኮሮና ነው። መጋቢት 2020 ላይ ግሎሪያ ጌይነር ራሷ እጇን ሃያ ሰከንድ እየታጠበች ዘፈኑን ስትዘፍን የሚያሳይ ቪዲዮ ለቃ ነበር። እኛ ደግሞ እጃችንን በቀን ስንት ጊዜ እንደምንታጠብ ቁጥር የለውም ነበር። አንዷ ባልደረባዬ ከአዝማቹ ትጀምርና ሳሙናው ሲያልቅ ታቆማለች። የኋላ የኋላ ዘፈኑን ስሰማ እጄ ሳሙና ሳሙና ይለኝ ጀመር።

ማሪቱ

ነርሷ፣ ጻፊ እንጂ፣ ምን «አልጽፍም» ትያለሽ!

እኔ የመጨረሻ አንድ አለኝ። ኩባዊቷ ሴሊያ ክሩዝ በ2000 በስፓኒሽ ዘፍናዋለች፣ «ዮ ቪቪሬ» ብላ። ዜማው ያው ነው፣ ግጥሙ ግን ተቀይሯል። ፍቅረኛው የለም፣ በቦታው አገሯ ገባ። ሴሊያ በ1960 ከኩባ ወጥታ አልተመለሰችም። እናቷ ስትሞት ለቀብር እንድትገባ እንኳ አልተፈቀደላትም። ያንን አውቃችሁ ስሙት። እኔ ስፓኒሽ አልችልም። አንዲት የኤልሳልቫዶር ልጅ ሥራ ቦታ እያጸዳን ሳለ ስልኳ ላይ ከፍታው ነው የሰማሁት። ትርጉሙን ስትነግረኝ ሁለታችንም መጥረጊያውን ይዘን ቆምን። ስለ የትኛው አገር እያሰብን እንደነበር አልተነጋገርንም።

ግሎሪያ ራሷም ቃል ቀይራበታለች። በ1982 ወደ ሃይማኖት ከተመለሰች በኋላ፣ ሳትሰበር ያቆማት የራሷ ጉልበት ሳይሆን ጌታ መሆኑን ጨምራ መዝፈን ጀመረች። በዚያው አሥር ዓመት ኤድስ ሲመጣ ደግሞ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጓደኞቻቸውን በየሳምንቱ እየቀበሩ በዚሁ ዘፈን ይጨፍሩ ነበር። እሷ በቤተ ክርስቲያን በኩል፣ እነሱ በጭፈራ ቤት በኩል። ዘፈኑ ሁለቱንም ያዘ። እሷ በ2020 በወንጌል አልበም ሁለተኛ ግራሚዋን ወሰደች፣ ከመጀመሪያው 40 ዓመት በኋላ።

ቤዚስቱ

የኬክ ባንድንም አትርሱ፣ የ1996ቱን። ጊታርና መለከት፣ ስሜት የሌለው የሚመስል ድምፅ። ዘፋኙ ስድብ ጨምሮበት ግሎሪያ አልወደደችለትም። ለቤዝ ተጫዋች ግን ያቺ ቅጂ ምሳ ናት።

ሸክላ ሰብሳቢ

እንደ መረጃ ብቻ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው ቅጂዎች ጋር መዝግቦታል። የ2015 ምርጫ ውስጥ ነው። ጀርባ ላይ ተለጥፎ ለነበረ ዘፈን አይከፋም።

ጋሽ ካሴት

ልጆች፣ እናንተ ስታወሩ እኔ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቼ ያቺን ካሴት አገኘኋት! የአክስቴ ልጅ ከመሄዱ በፊት ሰጥቶኝ ነበር። ቴፕ የለኝም፣ ከጎረቤት ተውሼ ሞከርኳት። ትሠራለች። ድምፅዋ እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው ነው። ሰውዬው ተመልሶ መጣ፣ ፊቱ አዝኗል… ቀጭ። እዚያው ቦታ ላይ።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና «ተቀበለችው?» ብላ ጮኸች።

ማሪቱ

እማማን ሳሙልኝ!

ሸክላ ሰብሳቢ

ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ልመጣ አስቤያለሁ። ይቺን ሸክላ ይዤልዎት ልምጣ? ጀርባዋ አልቋል፣ ይንሻጠጣል። ኤ ሳይዷ (ፊቷ) ግን ማንም አልነካትም።

ጋሽ ካሴት

ሸክላ ማጫወቻውንም ይዘህ ና። ኤ ሳይዷን ግን እዚያው ተዋት።